እጅ የማይመልሰው አሜሪካዊ

ሰውዬውን መጀመሪያ ያየሁት ጄኔቫ ነው፣ ሐይቁ ዳር። ዳክዬ የሚመግቡ አሮጊቶች መሀል ወገቡን እየሰበቀ ሲመጣ፣ እውነቴን ነው፣ የታመመ መስሎኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ብቻውን ክንድ የሚያህል። አይሮጥም፤ ግን የሚሮጡትን ያልፋል። ክንዱ ይወዛወዛል፣ ዳሌው ይሽከረከራል፣ ፊቱ ግን ባንክ ቤት ወረፋ የያዘ ሰው ፊት ነው። የኛ ሰፈር ቢሆን ልጆች ከኋላው ተሰልፈው እየቀዱት እስከ ቤቱ ይሸኙት ነበር። ጄኔቫ ማንም አልሳቀም። አንዱ ሽማግሌ እንደውም ኮፍያውን አነሳለት። ቅናቴ የጀመረው እዛው ነው። እኔ እንደ ሰው ቀጥ ብዬ ስራመድ ፖሊስ ያስቆመኝና "ፔርሚህን" ይለኛል፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቱ ነው። ይኼ ደሞ እንደዛ እየተቆለመመ ኮፍያ ይነሳለታል።

ያን ጊዜ ሆቴል ሰሃን አጥባለሁ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተውኩ። ተውኩ እንኳ አይባልም፣ ቀበሌ ነው ያስተወኝ። ከክፍላችን ስማቸው እየተጠራ የወጡት ልጆች አልተመለሱም፤ እኔ ሳልጠራ ወጣሁ። በሱዳን አድርጌ ነው እዚህ የደረስኩት። ሱዳን ድረስ በምን ሄድክ ላለኝ ሁሉ በእግሬ ነው የምለው። ያኔ ግን ደረቴ ላይ ቁጥር የለጠፈልኝ የለም፣ ውሃ ይዞ የጠበቀኝም የለም።

ስዊሶች ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትላቸው የሚሉት አንድ ነው፤ "እንግዲያው ትሮጣለህ።" የሆቴሉ ወጥ ቤት አለቃ የስፖርት ክለብ አባል ነበር፣ እየጎተተ ወሰደኝ። ሮጥኩላቸው። ከፖስታ ቤት ሰራተኞችና ከአንዲት እድሜዋ ከገፋ ነርስ ኋላ ገባሁ። አገሬን የዋሸኋቸው ይመስል ተያዩ። አለቃዬ ትንሽ አሰበና ሜዳው ዳር ብቻውን ወደሚንቆራጠጠው ሰውዬ ጠቆመኝ፤ ከሱ ጋር ተራመድ አለኝ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ባለ አንገቱ።

አሜሪካዊ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ሚስቱ ጄኔቫ ካሉት ትላልቅ ቢሮዎች ባንዱ ትሰራለች፣ እሱ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ሙያዬ ግን እርምጃ ነው ይላል። ሙያዬ! እየሄደ ያወራል ደሞ፤ ትንፋሽ የሚባል ነገር አያልቅበትም። እዛ አገሩ ልጅ ሆኖ ሩጫ አይሆንለትም ነበር አሉ፣ እንደኔው። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ በእርምጃ የሚወዳደር ሰው ሲያጣ እሱን አስገባው፤ ያስገባው ነጥብ እንዲሞላለት እንጂ እንዲያሸንፍ አይደለም። አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሲራመድ መኪና ጡሩምባ እየነፋበት፣ ከመኪና ቆርቆሮ እየተወረወረበት፣ አባቱ እንኳ ውድድሩን ሊያይ መጥቶ ቀና ብሎ ሳያየው፣ ዓመት ዓመቱን ሲራመድ ኖሮ ለኦሎምፒክ ላገሩ ተመረጠ። ተመርጦ ዩኒፎርሙን ተለክቶ ሲያበቃ አገሩ ሞስኮ አልሄድም ብላ ቀረች። ይኼን ሲነግረኝ ዞር ብሎ አየኝና "የናንተዎቹ ግን ሄዱ፤ ታድላችሁ" አለኝ።

እኔን ነው ታድላችሁ የሚለው። ስቄ ልሞት። አገሬ ሞስኮ የሄደችው እኔን አባርራ ነው አልኩት። እሱ ደሞ ቅር ብሎት ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንዴት እንደሚያናድድ ታውቃላችሁ? ለመጣላት እንኳ አይመችም።

ያን በጋ ሙሉ ከኋላው ሄድኩ። ቀድሜው አላውቅም። ከሱ ለመገላገል ብዬ ባይሆንም ዙሪክ ስራ ሳገኝ ደስ አለኝ። ሽሊረን የሚባል ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር፣ ላገር የሚሉት የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን አወርዳለሁ፣ ካርቶን እጭናለሁ። ኪራዩም ረከስ ይላል። እርምጃውን ለምጄው ስለነበር ዙሪክ ክለብ ገባሁ። አሰልጣኙ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፤ የሚያውቀው ቃል ሁለት ነው፣ "ጉልበት" እና "መሬት"። ክለቡ ውስጥ ፈጣኑ እኔ ሆንኩ። ሰዎች ስሜን መያዝ ጀመሩ። የክለቡን ሸሚዝ አሰፉልኝ። ክረምቱ እንደዛ አለፈና በረዶው ሲቀልጥ አንድ ቅዳሜ ልምምድ ስደርስ ማን ጫማውን ሲያስር አገኘሁ? ሚስቱን ቢሮዋ ዙሪክ አዛውሯት። ሲያየኝ አቀፈኝ። አቅፎኝ ሲያበቃ ቀደመኝ።

አሁን እርምጃ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ያላወቀ ሰው ነገሬ አይገባውም። አንዱ እግርህ ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት። የረገጥክበት እግር ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ዳኞች መንገድ ዳር ቆመው እግር እግርህን ያያሉ፤ ሦስቱ ቀይ ካርድ ከጻፉብህ ትወጣለህ። ሌላም አለ። ውሃም ሆነ ምግብ የምትቀበለው ከተፈቀደው ጠረጴዛ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ከቆመ ሰው እጅ አንዲት ፍሬ ብርቱካን ብትቀበል አለቀልህ። የኔ ችግር የመጀመሪያው ነው። ስናደድ እግሬ ይነሳል። እሱ ካጠገቤ ካለ ደሞ ሁልጊዜ እንደተናደድኩ ነኝ።

ቪዲኮን የሚባል የዙሪክ ሰፈር የሚኖሩ አንድ እትዬ ነበሩ። አዲስ አበባ ባለቤታቸው ባለሥልጣን ነበሩ፣ ደርግ በላቸው፤ እሳቸው እዚህ አረጋውያን ቤት ልብስ ይተኩሳሉ። እሁድ እሁድ ለኛ ወንደላጤዎቹ ቤታቸው ክፍት ነው። እኔን "አንተ ምላሳም" ነው የሚሉኝ፣ ግን ወንበሬ የታወቀ ነበር፣ በመስኮቱ በኩል። አንድ እሁድ አሜሪካዊው ከልምምድ በኋላ ወዴት ነህ አለኝ። ልዋሸው አሰብኩ፣ ምላሴ ቀደመኝና ምሳ ልበላ አልኩ። ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። የሚለምን ፈረንጅ አይቼ አላውቅም ነበር። ይዤው ሄድኩ።

እትዬ እሱን የኔ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ዶሮ ነበር። እሱ ከውድድር በፊት ከመኮሮኒ ሌላ አልበላም ብሎ ሰበብ አበዛ። እትዬ ግማሹን አልሰሙም፣ ግማሹን አልገባቸውም። ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። እሱ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ እጃቸውን አላጠፉም። ወጡ በአንጓቸው ወረደ።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "እጄን ሊመልሰው ነው?"

በገዛ አፌ፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ስማ፣ አልኩት፣ እኛ ዘንድ ጉርሻ አይመለስም። ጠግበህም ቢሆን፣ ታመህም ቢሆን፣ ጠላትህም ቢሆን ያጎረሰህ። እጅ ከመለስክ ሰውየውን ነው የመለስከው። ይኼን ስለው አፉን ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ እሱን "የኔ ጌታ" ይሉታል። ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ስበላ ምላሳም የነበርኩት ሰውዬ ምላሳም እንደሆንኩ ቀረሁ።

የናቴ ልጅ፣ ታላቅ እህቴ፣ ሚላኖ ናት። እኔ ከመውጣቴ በፊት ነው ለቤት ሰራተኝነት የሄደችው፤ ስትሄድ እኔ ገና ጢም የለኝም። ከዙሪክ ሚላኖ በባቡር ጠዋት ተነስተህ ለምሳ ትደርሳለህ። እኔ ግን በስደተኛ ወረቀቴ ቪዛ ካልተመታልኝ አልሻገርም፣ ጣልያኖቹ ደሞ ሁለቴ ከለከሉኝ። ማን ጋበዘህ ይሉኛል። እህቴ ስላቸው የሷ ግብዣ አይበቃም፣ ራሷ በሰው ቤት ናት ይላሉ። ስልኩን አሰሪዋ ስለማትወድ አናወራም ማለት ይቻላል። እሱ ደሞ ምን ይላል መሰላችሁ? አንድ ቅዳሜ ጫማ ልገዛ ሚላኖ ልሄድ ነው፣ ለእህትህ የምታደርሰው ካለ አለኝ። ጫማ! ዙሪክ ጫማ ጠፍቶ ነው? ምንም የለኝም አልኩት። ቤቷን ንገረኝ ቢለኝ፣ አንተ የኔን እህት ከኔ ቀድመህ ልታያት ነው? አልኩት ባማርኛ። አልገባውም። ፈገግ አለ።

በጋ ላይ አሰልጣኙ ሰበሰበንና ሚላኖ ውስጥ የሚደረግ ውድድር ላይ ክለቡ አንድ እርምጃ ተወዳዳሪ እንደሚልክ ነገረን። የግብዣ ወረቀቱን ጣልያኖቹ ራሳቸው ለቆንስላው ይጽፋሉ፣ ቪዛ ላስፈለገው ቪዛው ይመታል። ማን ይሄዳል? ዙሪክ ሐይቁ ዳር በሚደረገው ውድድር ከክለባችን ቀድሞ የገባ። ተንፍሼ ሳልጨርስ ሁሉም ወደ አሜሪካዊው ዞሩ። እሱ ወደኔ አየ። እንደዛ ማየቱን ነው የጠላሁት።

ውድድሩ ፍልሰታ ላይ ዋለ። እትዬ ልናይ እንመጣለን ብለው ነበር። መጡ፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር፣ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ዙሪክ የተቆላ ገብስ የለም፤ እሳቸው ከጤና ምግብ ሱቅ ገብስ ገዝተው፣ ራሳቸው ቆልተው፣ በቡና መፍጫ ፈጭተው በሶ ሰርተዋል። ጾም ስለሆነ በማር ለውሰው ድብልብል አድርገውታል። የሱዳንን መንገድ የሚያውቅ ሰው በሶ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከመጀመሪያው አንስቶ እኔ ፊት፣ እሱ ከኋላዬ። እንዲህ ነው ልማዱ፤ አንተ ንፋሱን ትከፍልለታለህ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይቅርታ የሚል ይመስል በጎንህ ያልፋል። ሁለት ቀይ ተጽፎብኝ ነበር፣ ሰሌዳው ላይ አየሁት። አንድ ከተጨመረ አለቀ። ጉልበት፣ መሬት፣ ጉልበት፣ መሬት እያልኩ ነው የምሄደው። እህቴን አላሰብኳትም፣ ካሰብኳት እግሬ ይነሳል። የመጨረሻው ዙር ላይ ትንፋሹ ጆሮዬ ስር ገባ። አሁን ነው አልኩ፣ አሁን ሊያልፈኝ ነው።

እትዬ ከገመዱ ስር ወጥተው መንገድ ውስጥ ገብተዋል። እጃቸውን ዘርግተው፣ በሶው ጣታቸው ላይ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ።

"እንካ ልጄ፣ በሞቴ፣ አቅም ይሆንሃል።"

ልጄ አሉኝ። ምላሳም አላሉኝም። ዳኛው ከሳቸው ጀርባ ቆሟል። አየሁ፣ አለፍኩ። ምን ላድርግ? ደንቡ ደንብ ነው። የዳኛ ደንብ የሚያውቅ ሰው አይወቅሰኝም። እጃቸው ግን እንደተዘረጋ ሲቀር በጎኔ አየሁት፣ ልክ እንደዛን ቀን ዶሮው ላይ።

ከኋላዬ የጫማው ድምፅ ምቱን ሳተ። ከዚያ ዳኛው በጀርመንኛ ሲጮህ ሰማሁ። ዞር አላልኩም። ገብቼ ሳበቃ ነው ያየሁት፤ አሜሪካዊው መታጠፊያው ላይ ቁጥሩን ከደረቱ ላይ እየላጠ፣ ጉንጩ በበሶ ተወጥሮ፣ ማውራት አቅቶት፣ ለእትዬ እጅ ይነሳል።

አሰልጣኙ ኮፍያውን ከመሬት መታው። እትዬ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሊያሸንፍ ሲል ለምን ቆመ ይላሉ። እሱ በሶውን ዋጠና ባማርኛ፣ እኔው በየልምምዱ ባስተማርኩት አማርኛ፣ "እግሬን አመመኝ" አላቸው። አመኑት። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ዳሰሱለት። ከዚያ ወደኔ ቀና አሉ።

"አየህ አይደል?" አሉኝ። "እግሩን እያመመው እንኳ እጄን አላሳፈረም። አንተ ግን እንደ ባቡር አለፍከኝ።"

ልንገራቸው እችላለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እትዬ፣ ያስወጡት እርስዎ ነዎት፣ እኔ ያለፍኩት ለዚህ ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። እሱ በሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያየኛል፣ አትንገራቸው የሚል ዓይን ነው። ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት ነገር ቢኖር ያን ነው፤ ከበሶው ይከብዳል።

ትራም ላይ ተከትዬው ገባሁ። ሆን ብለህ ነው? አልኩት። ለኔ ልትለቅልኝ ነው? ምጽዋት ነው? መስኮት መስኮቱን እያየ፣ "አንተ አለፍካቸው፣ እጃቸው እዛው ነበር" አለኝ። "እጅ አይመለስም ያልከኝ አንተ ነህ።" ሌላ አልጨመረም። እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ባሸንፈው ባወቅኩ፣ ቢያሸንፈኝም ባወቅኩ። ይኼ ግን ምን ይባላል? ሁለቱም አይደለም።

በነገራችን ላይ እሱ ዘንድሮ አገሩ ሄዶ ለሎስ አንጀለስ ተወዳድሮ ነበር። ሦስት ሰው ይመርጣሉ፣ አራተኛ ወጣ። ጫማውን ሰቅሎ ዳኛ ልሆን ነው ይላል። አሳዘነህ ወይ ብትሉኝ፣ አላሳዘነኝም። ያንን ሰው የሚጥለውም የራሱ አገር ነው። የኔዋ ዘንድሮ ራሷም አልሄደችም፤ ብትሄድስ እኔን ማን ሊጠራኝ።

ሚላኖን ልጨርስ። ቪዛው ተመታ። ለእህቴ በሰው በሰው መልእክት ደረሳት። ለያንዳንዱ ተወዳዳሪ ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሚያቀብል አንድ ሰው ይፈቀዳል፤ አሰልጣኙ ማንን ቢመድብልኝ ጥሩ ነው? ተውት።

ፓርክ ውስጥ ነው፣ ዛፍ የከበበው መንገድ፣ እየዞርክ ጠረጴዛው ጋ ትመለሳለህ። መጀመሪያ ስነሳ እህቴ አልነበረችም፣ አሰሪዋ ካልለቀቀቻትስ እያልኩ ነው የጀመርኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ ከመታጠፊያው ስወጣ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነጭ ኮሌታ ያደረገች ሴት ገመዱ ጋ ቆማ በአሉሚኒየም ወረቀት የተጠቀለለ ነገር እየፈታች ነው። ወፍራለች። እሷ ናት። አሜሪካዊው ክንዷን ይዞ ከመንገዱ ዳር እያነሳ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ለሱ በተፈቀደው ቦታ ላይ በሱ ፈንታ ሲያቆማት አየሁ። ባማርኛ ነው የሚያናግራት። እህቴን ከኔ በፊት ሰላም አላት፤ ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ይኼንኑ ነበር።

ልሮጥ ፈለግኩ። ባለችኝ እግር ሁሉ። መሮጥ ደሞ ክልክል ነው። እህትህን ስንት ዓመት ሳታያት ኖረህ፣ አሁን እያየሃት፣ ተረከዝህን ቀጥ አድርገህ፣ ዳሌህን እየቆለመምክ ወደሷ ትሄዳለህ። ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። ፍርፍር ነው የያዘችው። አጎረሰችኝ፣ "ከሳህ" አለችኝ፣ አለፍኩ።

በሚቀጥለው ዙር "ጢም አወጣህ" አለችኝ። ልቆም ስል ከደረቴ ገፋችኝ፤ ብቆም የሚያስወጡኝ መስሏታል፣ ሂድ ሂድ ትለኛለች። ከዚያ በሚቀጥለው ስደርስ ፊቷ ተለውጧል። "እማዬ" አለች። የቀረውን ልትል ስትል አልፌያታለሁ።

እማዬ ምን? ወሬዋ ከደረሰኝ ስንት ጊዜዬ። እማዬ ሞተች? ታመመች? ታሰረች? ዙሩ የማያልቅ ሆነ። ዛፎቹን እየቆጠርኩ፣ እግሬ ሊነሳ ሊነሳ እያለ፣ ዳኛዋ ጎንበስ ብላ ተረከዜን እያየች። እነሱ እዛ ማዶ ቆመው ያወራሉ። እሷ እጇን እያወናጨፈች ትነግረዋለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። እኔ በየዙሩ አንድ ቃል ይደርሰኛል፣ እሱ ሙሉውን ወሬ ቆሞ ይሰማል። የናቴን ነገር ያ ሰውዬ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። እንደዛን ሰዓት ሰው የቀናሁበት የለም፣ ፓስፖርቱም፣ ሚስቱም፣ ኮፍያ የሚያነሳለት ሽማግሌም ምንም ነው።

ከሣሩ ባሻገር ስደርስ፣ ከማዶ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

"ደህና ናት! እናትህ ደህና ናት! ዓይኗን ብቻ ነው!"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ እግሬን መሬት ላይ አገኘሁት።

ስንተኛ እንደገባሁ አትጠይቁኝ፣ ከኋላዬ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። እህቴ አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ ቆይታ፣ ዓይኗን ጠርጋ፣ ቀና ብላ "ጓደኛህ ጥሩ ሰው ነው" አለችኝ። ጓደኛዬ አይደለም አልኳት። አልሰማችኝም፤ የቀረውን ፍርፍር ጠቅልላ ወደሱ ዞራለች። ሰውዬው በልቶ ነው የመጣው፣ ባቡር ላይ ሁለት ዳቦ ሲበላ አይቼዋለሁ፤ ጠገብኩ ሊል ይችል ነበር።

አፉን ከፈተ።